የኃይል መለኪያዬ ከ8 ወር በኋላ፦ ባዶ ሕንፃ ሌሊት ምን ይበላል?

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ጥቅምት ላይ ባለ ሦስት ፌዝ (ሕንፃው ኃይል የሚያገኝባቸውን ሦስት መስመሮች አንድ ላይ የሚለካ) የኃይል መለኪያ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ንባቡን በዋይፋይ ወደ ስልክ ይልካል። አለቃዬን አስፈቅጄ የመማሪያ ክፍሎችና የኮምፒውተር ላብ ያለበት ሕንፃ ላይ ገጠምኩት።

ግቢያችን በሙሉ የሚቆጠረው በአንድ ቆጣሪ ነው። በወሩ መጨረሻ አንድ ትልቅ ቁጥር ይመጣል። የትኛው ሕንፃ በስንት ሰዓት እንደበላው ግን አይታወቅም። በፊት በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ በሚለካ የእጅ መሣሪያ) አምፔሩን ለክቼ በ220 ቮልት አባዛ ነበር። እሱ ያሳስታል። ኤሲና ፓምፕ ባለበት ፓወር ፋክተሩ (ከቮልትና አምፔር ብዜት ውስጥ እውነተኛው ዋት ያለው ድርሻ) ከ1 ስለሚያንስ፣ ስሌቱ ከእውነተኛው ዋት ይበልጣል። ይሄኛው ቮልቴጁንም አምፔሩንም አንድ ላይ ስለሚያነብ ትክክለኛውን ኪሎዋት ይሰጣል።

ስትገጥሙት ዋናውን ብሬከር አጥፉ፤ ኤሌክትሪሺያን ካልሆናችሁ አትንኩት። በየፌዙ ሽቦ ላይ የሚታሰረው አምፔር የሚያነብ ቀለበት አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለው፣ ቀስቱንም አስተውሉ። እኔ አንዱን ገልብጬ አሰርኩት። የዚያ ፌዝ ንባብ ከሌሎቹ እየተቀነሰ ድምሩ ወደ ሲሶ ወረደ። የሁለት ሳምንት ዳታ ጣልኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ሐሳቤን ቀየረው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሕንፃው ባዶ ነው። ግራፉ ግን 4 ኪሎዋት ላይ ቀጥ ብሎ ያድራል። በ10 ሰዓት 40 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 1,200 ማለት ነው። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ቬንትሌተር ሳያጠፉ የሚወጡ ተማሪዎችን ስቆጣ ኖሬያለሁ።

መሣሪያው መጠኑን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ዘበኛውን ጠየቅኳቸው። «አቦ፣ ያ ላብ እኮ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ፍሪጅ ነው!» አሉኝ። ሁለት ኤሲዎች 16 ዲግሪ ላይ ተትተው ያድሩ ነበር። የላቡ ኃላፊ ኮምፒውተሮቹ በሙቀት እንዳይበላሹ ብላ ነው። በድሬ ሙቀት ስጋቷ እውነት ነው። ግን ኮምፒውተሮቹ ማታ ጠፍተው ነው የሚያድሩት። ተነጋገርን፣ አሁን ስትወጣ ኤሲዎቹንም ታጠፋለች። የሌሊቱ ንባብ 1.4 ኪሎዋት ገባ።

ይህን ለውጥ የማምነው ሌሊትን ከሌሊት፣ በዚያው ሳምንት ስላወዳደርኩ ነው። ታኅሣሥን ከግንቦት ጋር ብታነጻጽሩ የምትለኩት ሙቀቱን ነው። ቀኑን ደግሞ የትምህርት ፕሮግራሙ ይቀያይረዋል፤ አርብ በጁምዓ ሰዓት ግራፉ ቁልቁል ይወርዳል።

ጉድለቱን ልናገር። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። ጄኔሬተር ተነስቶ ራውተሩ እስኪመለስ ያለው ንባብ የለም፣ መሣሪያው በራሱ አያስቀምጥም። የአንዱ ቀለበት መቆለፊያ ሚያዝያ ላይ በሙቀቱ ተሰንጥቆ በፕላስተር አስሬዋለሁ። የምትገዙ ከሆነ በውስጡ ሚሞሪ ያለውን ፈልጉ፣ ትንሽ ቢወደድም። እኔም ለውሃ ፓምፑ ሁለተኛ ስገዛ እሱን ነው የምወስደው።

ከቀረው 1.4 ኪሎዋት ሰርቨሩን፣ የእሱን ኤሲና የኮሪደር መብራቶቹን አውቃቸዋለሁ። 300 ዋት ግን ባለቤቱ አልተገኘም። ቅዳሜ ማታ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋሁ አየዋለሁ።