ኦሌድ ቴሌቪዥን በደሴ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ኮምቦልቻ የሚኖረው አጎቴ ትልቅ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበረው። እዚያ እያለ ኮሽታ አልነበረውም። ደሴ እኛ ቤት አምጥተን ስንከፍተው ግን እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርም ጀመር። ሠሪው ሁለት ጊዜ ፈታው፣ ሁለት ጊዜ ገጠመው፣ ምንም አላገኘም። ለካ ጉዳዩ የከፍታ ኖሯል። ፕላዝማ በመስታወት መካከል ጋዝ የታሸገበት ነው፤ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ስክሪኑ ሊነዝር ይችላል። ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ዛሬ ፕላዝማ የሚያመርት የለም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን የምመርጠው በቤቴ ልክ እንጂ በሱቁ መደርደሪያ ልክ አይደለም።

መስከረም ላይ 55 ኢንች ኦሌድ ገዛሁ። ሻጩ ኦሌድና ኪውሌድ አንድ ናቸው ብሎ ሊምልልኝ ምንም አልቀረውም። አንድ አይደሉም። ኪውሌድ ተብሎ የሚሸጠው ከኋላው መብራት ያለው ኤል ሲ ዲ ነው። በኦሌድ እያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉ የሚሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ራሱ ያበራል፤ ጥቁር ሲፈለግ ራሱ ይጠፋል። በአሮጌው 50 ኢንች ኤል ሲ ዲያችን የሌሊት ትዕይንት አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ በአዲሱ ጨለማው ጨለማ ነው። የዋጋውን ልዩነት እናቴ «የምትታለብ ላም ነበር» ትለዋለች። አልተሳሳተችም።

እሷ ቡና የምታፈላው ከመስኮቱ ሥር ስለሆነ ሁልጊዜ ከጎን ነው የምታየው። በአሮጌው የሰው ፊት ደጋግሞ እንደታጠበ ነጠላ ይገረጣባት ነበር፤ አሁን እኔ ከፊት ለፊት የማየውን ታያለች። ቀን ግን መጋረጃው ከተከፈተ ኦሌዱ ይሸነፋል፤ ጨለማ ትዕይንት በመጣ ቁጥር ረከቦቱን ከነስኒው ስክሪኑ ላይ እናየዋለን።

በጨዋታ በኩል ፍርዱን የሰጠው ፕሌይስቴሽን 5 ያለው የእህቴ ልጅ ነው። በአሮጌው ኳሱ ሲመታ ጭራ ያበቅላል፣ በተለይ ጥላ በወደቀበት ሜዳ። ኤል ሲ ዲ ቀለም ለመቀየር ሚሊሰከንዶች ሲፈጅ ኦሌድ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ይበቃዋል። «ጌም ሞድ» ከሚባለው የጨዋታ ቅንብር ውጭ ግን ማንኛውም ቴሌቪዥን ትእዛዝ ያዘገያል። በሰከንድ 120 ምስል ለማግኘትም ገመዱን የሚሰካበትን ቀዳዳ መምረጥ ያስፈልጋል፤ እኛ ለሦስት ሳምንት የተሳሳተው ላይ ሰክተን ነበር! ኦሌድ ቀለም የሚቀይርበት ፍጥነት ግን ፊልም ላይ እዳ አለው፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ ይንገጫገጫል።

በስድስተኛው ወር አረንጓዴው ሜዳ ላይ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ የደበዘዘ ጥላ አየሁ። እናቴ ከጧት እስከ ማታ የምትከፍተው ጣቢያ ምልክት ስክሪኑ ላይ የተወው አሻራ ነበር። ላሟ ታረደች ብዬ አሰብኩ። መመሪያውን ሳነብ ቴሌቪዥኑ በድምሩ አራት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ፣ በሪሞት ሲጠፋ፣ ፒክስሎቹን በራሱ እንደሚያስተካክል ተረዳሁ። ለዚያ ግን ከሶኬት መነቀል የለበትም። እናቴ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዳያቃጥለው ብላ ለስድስት ወር ሙሉ በየማታው ስትነቅለው ኖራለች!

በስታቢላይዘር አድርጌ ለአራት ሌሊት እንደተሰካ አሳደርኩት። ጥላው ሳሳ፤ የት እንደነበር የማያውቅ ሰው አያገኘውም፣ እኔ ግን አገኘዋለሁ። አሁን ዲሹ ከአሮጌው ኤል ሲ ዲ ጋር ተገናኝቶ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ኦሌዱ ለማታ ፊልምና ለልጁ ጨዋታ ሆኗል። ነጎድጓድ ከጦሳ ተራራ በኩል ሲጀምር እናቴ ሁለቱንም ትነቅላለች፤ በዚህስ አልከራከራትም።