በውጭ አገር ጉዲፈቻ ስም ገንዘብ ለሚጠየቁ የሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች፦ ማስጠንቀቂያ

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ሲናና በዙሪያው ወላጅ የሞተበት ልጅ ለምታሳድጉ አያቶች፣ አክስቶችና አጎቶች ይህን የምጽፈው «ልጁን ውጭ አገር ደኅና ቤተሰብ ይወስደዋል፤ እናንተ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ወጪ ብቻ ቻሉ» የሚል ሰው በአክስቴ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሌላ ቤት እንዳይደርስ ነው። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ እንደገና አሻሽሎ የውጭ አገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክሏል። ስለዚህ ልጃችሁን የሚጠብቅ የውጭ አገር ቤተሰብ አለ ብሎ ገንዘብ የሚቀበላችሁ ሰው እያታለላችሁ ነው።

አክስቴ የሚኖሩት መንዝ ነው። ሴት ልጃቸው ስትሞት የተወችላቸውን ሕፃን እስከ ሰባት ዓመቷ ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ ግን «እኔ ባልፍ ማን ያያታል?» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚለው ሰው ያገኛቸው በዚህ ጭንቀታቸው ላይ ነው። ለፋይል መክፈቻ የተባለውን 25,000 ብር የከፈሉት ሦስት በግና የዓመቱን ገብስ ሸጠው ነው። ከዚያ በኋላ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ተራዘመ ተባለ፣ ኤምባሲው ተጨማሪ ሰነድ ጠየቀ ተባለ፣ የሕክምና ምርመራው ጊዜ ስላለፈበት እንደገና ይከፈል ተባለ። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ከእጃችን የወጣው ገንዘብ 74,000 ብር ደረሰ፤ ግማሽ ያህሉን የላክሁት እኔ ነኝ። አክስቴ በጠረጠሩ ቁጥር «ይታገሡ፣ የቪዛ ነገር ጊዜ ይወስዳል» እያልሁ ያጽናናኋቸውም እኔ ነበርሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያመንነው ሰውየው የሚጠራቸው ደረጃዎች በአንድ ወቅት በእውነት የነበሩ ስለሆኑ ነው። ከክልከላው በፊት አንድ ልጅ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚኒስቴሩ አስተያየትና የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ያስፈልገው ነበር፤ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ደግሞ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን 5 ጉዳዮችን ብቻ እንደሚያስተናግድ በመወሰኑ ብዙ ቤተሰብ ሲጠብቅ ኖሯል። መጠበቅ ያለና የተለመደ ነገር ስለነበረ የእኛም ጥበቃ እውነተኛ መሰለን። ልዩነቱን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት፦ በእውነተኛ ጉዳይ እያንዳንዱ እርምጃ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ያለው ወረቀት ይተዋል፣ የሚጠብቀውም ሰው ራሱ ቢሮው ድረስ ሄዶ ፋይሉ የት እንደደረሰ መጠየቅ ይችላል። እኛ ግን አንድም የመዝገብ ቁጥር አልተሰጠንም። ገንዘቡ የገባው በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው፣ ደረሰኝ ስንጠይቅ «መጨረሻ ላይ ተጠቃሎ ይሰጣል» እንባል ነበር፤ በተለይም «ነገሩ ከተሰማ ይበላሻል» እያለ አክስቴ ለቀበሌ እንዳይናገሩ ያስጠነቅቃቸው ነበር።

ነገሩ የተገለጠው ለፓስፖርት ተዘጋጀ የተባለውን የልደት ምስክር ወረቀት አክስቴ ዘንድ ሄጄ ባነበብሁበት ምሽት ነው። የሰባት ዓመቷ ልጅ አራት ዓመቷ ተብሏል፤ በእናት ስም ቦታ ላይ ደግሞ «ያልታወቀች» ተብሎ ተጽፏል። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አክስቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «እዚሁ ደብር የቀበርኋትን ልጄን ነው ያልታወቀች ያላት?» አሉኝ። ልጅቱ በቀበሌያችን በእናትና በአባቷ ስም ተመዝግባለች፤ ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው፣ ብንጠቀምበት ኖሮ ልጅቱ እናትም አያትም የሌላት ተጥላ የተገኘች ሆና ትቀር ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ግብዣ የቀረበላችሁ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ወረዳችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። በአገር ውስጥ የሚደረግ ጉዲፈቻ ዛሬም አለ፤ እርሱም የሚጸናው ፍርድ ቤት ለልጁ የሚበጅ መሆኑን አይቶ ሲያጸድቀው ነው። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትም ሆነ የወላጁን የሞት ምስክር ወረቀት ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ የእኛን ዋና ሰነዶች ሰውየው ይዞ ስልኩን ዘግቷል።

ለፖሊስ አመልክተን ቃላችንን ሰጥተናል፤ የባንክ ማስገቢያ ወረቀቶቹንና ሐሰተኛውን ምስክር ወረቀትም አስረክበናል። ለእርሱ ወይም በተመሳሳይ መንገድ ለሚሠራ ሰው የከፈላችሁ ካላችሁ፣ የከፈላችሁበት ወረቀት ትንሽም ቢሆን አትጣሉት፣ ይዛችሁት በቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። አክስቴ የልጃቸውን የሞት ምስክር ወረቀት ምትክ ለማውጣት ባለፈው ሳምንት ቀበሌ ሄደው አመልክተዋል፤ የልጅ ልጃቸውም አብራቸው ነበረች።