አዘዞን ለአሥራ አንድ ወር ተከራይቼ አየኋት

ሰው የሁለት መቶ ብር ኢርፎን ገዝቶ ሁለት ገጽ አስተያየት ይጽፋል። ስለ ሰፈር ግን የሚጽፍ የለም። ቤት ስትፈልጉ የምትሰሙት ደላላውን ብቻ ነው፤ ደላላ ደግሞ ለሁሉም ቤት ያለው ቃል አንድ ነው። የኔው "ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ውኃ ሃያ አራት ሰዓት ነው፣ ታክሲው ከበር ላይ ነው፣ አከራይዋ ደግሞ እናት ናት" አለኝ። ከአራቱ ሁለቱ እውነት ሆነው ተገኙ።

ሥራዬ ጎንደር ፒያሳ ነው። በፊት የምኖረው ማራኪ ነበር። እዚያ ዩኒቨርሲቲው ስላለ የቤት ኪራይ ከተማሪው ጋር አብሮ ይመጣል። መስከረም ላይ አከራዬ "እንግዲህ ኑሮውን እያየኸው ነው" ብሎ ሲጀምር ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ገባኝ። ዕቃዬን በአንድ ባጃጅና በግማሽ ጭኜ ወደ ታች ወረድኩ። ግማሹ ባጃጅ ፍራሹ ነው፤ አንድ ልጅ ከነፍራሹ ተጭኖ ሄደ።

ወደ ታች ያልኩት እውነትም ቁልቁል ስለሆነ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናት። አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ከ2,000 ሜትር በታች ትገኛለች። በቁጥር ሲሰማ ትንሽ ነው፤ ሰውነት ግን ያውቀዋል። ፒያሳ ሹራብ ለብሼ እውልና ማታ አዘዞ ስወርድ ሹራቡ ክንዴ ላይ ነው። ትንኝም አለ። አጎበር ሳትይዙ እንዳትመጡ፤ እኔ ሳልይዝ መጥቼ ያገኘኝን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከባሕር ዳር በመኪና መጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ አዘዞን አይታችኋታል። "ደረስን" ብላችሁ ሻንጣ ማውረድ ስትጀምሩ ረዳቱ "ገና ነው፣ አዘዞ ነው" የሚላችሁ ቦታ ናት። የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እዚህ ነው። የመተማው መንገድ ከዚህ ይገነጠላል፤ በቆላ ድባ አድርጎ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር የሚያደርሰውም እንዲሁ። ካምፑም አለ። ስለዚህ ቤት የሚከራየው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው፦ የወታደር ቤተሰብ፣ የመተማ መስመር ሹፌር፣ ከደንቢያ ገጠር ለትምህርት የመጣ ልጅ፣ በአጨዳ ሰሞን ወደ ሰሊጡ አገር ሲወርድና ሲመለስ ሁለት ሌሊት የሚያድር የቀን ሠራተኛ፣ እንደኔ ደግሞ ከከተማው ኪራይ የሸሸ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጎንደር በሙሉ 207,044 ሰው ነበራት። አንዳንድ ጠዋት ያ ሁሉ ሰው አዘዞ ታክሲ መያዣው ላይ የቆመ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ግቢው። ዘጠኝ ክፍል፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ሮቶ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ። ክፍሌ ሦስት በሦስት ናት። ሲሚንቶ ወለል፣ ጭቃ ግድግዳ በኖራ የተቀባ፣ የማዳበሪያ ኮርኒስ። ኮርኒሱ ዘጠኙን ክፍል አንድ አድርጎ ነው የሚያልፈው፤ ግድግዳው እስከ ጣራው አይደርስም ማለት ነው። ጎረቤቴ ሲያስነጥስ ከአልጋዬ ሳልነሳ "ይማርህ" እለዋለሁ፤ እሱም ከአልጋው ሳይነሳ "ያኑርህ" ይላል። ፊቱን በደንብ ያየሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ግን የእናቱን ሕመም፣ የዕቁብ ዕጣው መቼ እንደሚደርሰው፣ ከእጮኛው ጋር በምን እንደተጣላ አውቄ ነበር። በነገራችን ላይ ጥፋቱ የሱ ነው።

የሽንት ቤት ወረፋ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ተኩል ነው። ከዚያ ውጭ ችግር የለም። ጽዳቱ በተራ ነው፤ ተራው የሚታወቀው ደግሞ መጥረጊያው ማን በር ላይ እንደቆመ ነው። መጥረጊያውን ጠዋት በራችሁ ላይ ካገኛችሁት የዛሬው ዕጣ የእናንተ ነው። አቤቱታ የለም።

ውኃው ግን ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ጎንደር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከተማዋ ለብዙ ዓመት የጠጣችው የአንገረብን ግድብ ነው፤ እሱ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ደለል እየሞላው፣ ሰዉ እየበዛ ግድቡ እያነሰ ሄደ። የመገጭ ግድብ ይደርሳል እየተባለ ስንት ክረምት አለፈ። እስከዚያው ውኃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው ግን ወረቀት ላይ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። የምትመጣው ሌሊት ነው፤ ያውም ሳትነግር። መጀመሪያ ቧንቧው እንደ እባብ ያፏጫል፤ አየር ነው። ከዚያ ይተፋል፤ ቡናማ ነው። ከዚያ ይጠራል። አከራያችን እማማ (ስማቸውን አልጠራም፤ አይወዱም) ያችን ፉጨት ከእንቅልፋቸው ውስጥ ይሰሟታል። ጭልፋ ይዘው ይወጡና በየበሩ ቆርቆሮ ላይ "ልጆች! መጣች!" እያሉ ያንኳኳሉ። ዘጠኝ ክፍል በአንድ ጊዜ ይበራል፤ መብራት ካለ። ጀሪካኖቹ በቀለም ተለይተዋል፤ የኔው ላይ ነጭ መስቀል አለበት። ወረፋው በክፍል ቁጥር ነው፤ ግን ሕፃን ያላት ሴት ትቀድማለች፣ ይኼን ማንም አይከራከርም። ሮቶው የሚሞላው ሁሉም ሦስት ሦስት ከቀዳ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ አሥራ ሰባት ቀን ጠፋች። ቀኑን የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ እማማ በከሰል ግድግዳ ላይ ያሰምራሉ። ያን ሰሞን በአህያ ጋሪ የሚመጣ ውኃ አንድ ጀሪካን ሠላሳ ብር ገዛሁ። ልብስ ማጠብ ተውኩ። አንድ ሸሚዝ አራት ቀን ስለብስ መሥሪያ ቤት ያለች ልጅ "ሰሞነ ሕማማት ገባ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ታዲያ እዚህ ላይ የሚያበሽቀኝ አንድ ነገር አለ። አዘዞ ዱሮ በውኃ የምትታወቅ ቦታ ነበረች። ዐፄ ሱስንዮስ እዚህ ነው ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት። ስሙ እንደሚለው ቤተ ክርስቲያን ብቻ አልነበረም፤ የአትክልት ቦታ ነበረው፣ ትልቅ የውኃ ገንዳም ነበረው። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ቆፍረው ፍርስራሹን አጥንተውታል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 ሲያርፉ የተቀበሩትም እዚሁ ነው። ልጃቸው ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ከዚያ በኋላ፣ በ1636 ነው። ስለዚህ የፒያሳ ልጆች "አዘዞ ገጠር ናት" ሲሉ የአዘዞ ሽማግሌ መልስ አያጣም፤ "እናንተ ጫካ ሳላችሁ እኛ ገንዳ ነበረን" ይላል። እውነቱን ነው። ዛሬ ግን ያ ገንዳ ከነበረበት ብዙም ሳልርቅ ሌሊት በስምንት ሰዓት ጀሪካን ይዤ በነጠላ ጫማ እቆማለሁ። ጥር ላይ ደግሞ የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተስቦለት ለጥምቀት ሞልቶ ሳየው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስንት ጀሪካን ይወጣዋል የሚለውን ነው።

ስለ ጸጥታው። ደላላው እዚህ ላይ ዋሽቷል፤ ግን የጠበቅኩትን ውሸት አልዋሸም። እኔ የፈራሁት አውሮፕላኑን ነበር። አውሮፕላኑ ምንም አይደል፤ መጥቶ ይሄዳል፣ ልጆቹ እንኳ ቀና ብለው አያዩትም። የመተማ ከባድ መኪና ሌሊት ማርሽ ሲቀይር ይሰማል፤ እሱም ይለመዳል። ቅዳሴውና አዛኑ ተከታትለው ይቀሰቅሳሉ፤ ይኼ ጎንደር ነው፣ የትም ብትሄዱ አታመልጡትም፣ ሰው ካለ ሰዓት ደወል ከእንቅልፉ የሚነሳበት አገር ነው። የገደለኝ ወፍጮ ቤቱ ነው። ከግቢያችን ሦስተኛው ቤት ነው። መብራት ቀን ሲጠፋ እህሉ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። መብራት የምትመጣው ማታ በአራት ሰዓት ከሆነ ወፍጮው በአራት ከአምስት ደቂቃ ይጀምራል። ኮርኒሱ ላይ ያለው አቧራ በወፍጮው ልክ እየተንቀጠቀጠ ትራሴ ላይ ይወርዳል። ምን ትላላችሁ? እንጀራው የሁላችንም ነው። ጥጥ ገዛሁ።

ታክሲው በእውነት ከበር ላይ ነው። ዋናው መንገድ ድረስ ሦስት ደቂቃ፣ ረዳቱ "ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!" እያለ ነው፤ አንድ ሰው የሚለው አራት ሰው ሲጎድለው ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ከወጣችሁ ተቀምጣችሁ ትሄዳላችሁ። ከ1 ተኩል በኋላ ከወጣችሁ በሰው ብብት ስር ነው ጉዞው። ነዳጅ የጠፋ ቀን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ ዋጋውም እንደ ሾፌሩ ፊት ነው። ማታ ደግሞ ከ1 ሰዓት በኋላ ባጃጅ እየቀነሰ ይሄዳል። አምሽታችሁ ለምትሠሩ ሰዎች አዘዞን አልመክርም፤ ይኼን ደግሜ እላለሁ፣ አልመክርም። ሁለት ጊዜ ባልደረባዬ ቤት መሬት ላይ አድሬያለሁ።

ምግብ ላይ ግን ፒያሳን ትበልጣለች። ከጎርጎራ የሚመጣው የጣና ዓሣ ከተማ ከመግባቱ በፊት እዚህ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር በሳፋ ይሸጣል፤ ዓይኑ ያልደፈረሰውን ምረጡ፣ ሻጯ ተቆጥታ "ሁሉም ዛሬ የወጣ ነው" ብትልም ምረጡ። እኔ በዘይትና በቃሪያ ጠብሼ እበላለሁ። በጾም ቀን መጥበሴ ግቢውን ለሁለት ከፍሎታል። እማማ ዓሣ በጾም ምላሳቸው ላይ አይደርስም፤ ሽታው ሲደርሳቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። ሹፌሩ ጎረቤቴ "ዓሣ ደም የለውም" ይላል። አንድ ዓርብ ለሁለት ሰዓት ተከራክረው፣ እኔ ቁጭ ብዬ በላሁ።

ሽሮ ቤት ብዙ ነው፤ ጠላ ቤትም። ጠላው እንደ ቤቱ ነው፤ ጉሹን በቀትር እንዳትሞክሩት፣ ሙቀቱ ጎንደር ፒያሳ እንዳልሆነ አትርሱ። የጉልት ሴቶቹ ቲማቲም በመደብ ይሸጣሉ፤ ከሚሸጡላችሁ መደብ ስር የፈረጠውን ይከታሉ። ሁለት ወር ካያችኋቸው በኋላ መክተት ያቆማሉ። ሱቁ ዱቤ ይሰጣል፤ ደብተሩ ላይ ስሜ "ኮምፒውተሩ ልጅ" ተብሎ ነው የተጻፈው።

አከራይዋ እናት ናት ያለው ደላላው እውነቱን ነው። እናት ስትሆን ግን ሁሉንም ትሆናለች። አንዲት ልጅ ልትጠይቀኝ መጥታ ገና ሳትቀመጥ እማማ ቡና ይዘው ገቡና "እህትህ ናት?" አሉኝ። "አይ፣ ጓደኛዬ ናት።" "እሱስ ጓደኛ ናት፤ የማን ልጅ ናት?" ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አልወጡም። ልጅቷ ተመልሳ አልመጣችም። አምስተኛው ወር ላይ አምስት መቶ ብር ጨመሩብኝ። "እኔ ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ ጤፉን ጠይቀው" አሉኝ። ጤፉን ምን ብዬ ልጠይቀው?

ግን ወባ የያዘኝ ሌሊት (አጎበሩን ያልገዛሁት ሰውዬ እኔ ነኝ) ጥርሴ ሲንገጫገጭ በግድግዳው አናት ሹፌሩ ሰማኝ። "ምነው ወንድሜ?" አለ ከዚያ ማዶ። መልስ ሳጣ ሄዶ እማማን ቀሰቀሰ። እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ፤ ከየት እንዳገኙት አላውቅም ባጃጅ አቆሙ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወሰዱኝ። ሦስት ቀን አጥሚት አመጡልኝ። በዚያው ሳምንት ውኃ መጥታ ነበር፤ ስነሳ ነጭ መስቀል ያለበት ጀሪካኔ ሞልቶ በሬ ላይ ቆሟል። ማን እንደቀዳልኝ ጠይቄ አልተነገረኝም። ማራኪ በነበርኩበት ቤት፣ የራሱ ሽንት ቤትና እስከ ጣራ የሚደርስ ግድግዳ ያለው ቤት ነው፣ ሁለት ዓመት ኖሬ የጎረቤቴን ስም አላውቅም።

ቤት ለምትፈልጉ፦ ክፍሉን ከማየታችሁ በፊት ሮቶውን አንኳኩ። ከላይ እስከ ታች ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውኃ ሃያ አራት ሰዓት የሚለው ወሬ ምን እንደሆነ ገባችሁ ማለት ነው። ስንት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ እንዳለና ሂሳቡ በሰው ይሁን በክፍል ጠይቁ። በክፍል ከሆነ ብቻውን የሚኖር ሰው ይጎዳል፤ እኔ እየተጎዳሁ ነው። ወፍጮ ቤት የት እንዳለም ጠይቁ። ለደላላው ኮሚሽን ቁልፍ ሳትይዙ እንዳትሰጡ፤ የኔው ገንዘቡን ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ፣ ቁልፉን ያገኘሁት ከእማማ ነው።

የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እዚያው ግቢ ውስጥ መስኮት ወዳላት ክፍል እዛወራለሁ፤ ከወፍጮው በሁለት ክፍል ትርቃለች። የኔዋ ትለቀቃለች። እማማ "ሰው አምጣ" ብለውኛል፤ ጀሪካን የሚያነሳ ጉልበት ያለው ይሁን፣ ውሻ አይያዝ፣ በጾም ቀን ዓሣ አይጥበስ ነው ያሉት። በሩ በጉልበት ሁለቴ ካልተገፋ አይዘጋም፤ ሁለተኛውን ወደ ላይ አንሥታችሁ ግፉት።