ከመንገድ በታች ካለ ማድ ቤት እስከ ማርስ፦ የኤች. ጂ. ዌልስ ግለ ታሪክ

የሳይንስ ልብ ወለድ የሚወዱ ሰዎች ኤች. ጂ. ዌልስን የሚያውቁት በጊዜ ውስጥ በሚጓዘው መሣሪያው፣ በማይታየው ሰው እና ከማርስ ወርደው ደቡብ እንግሊዝን አመድ ባደረጉት ፍጥረታት ነው። እነዚህን ታሪኮች ያፈለቀው አእምሮ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ ደግሞ ዌልስ ራሱ ጽፎ በ1934 ያሳተመው ግለ ታሪክ አለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የግለ ታሪክ ሙከራ» ሊባል ይችላል፤ ንዑስ ርእሱም «ከ1866 ወዲህ የአንድ እጅግ ተራ አእምሮ ግኝቶችና ድምዳሜዎች» ይላል። ብሪታንያ ውስጥ መጀመሪያ የወጣው በሁለት ቅጽ ሲሆን ዘጠኝ ምዕራፎችና ከ700 በላይ ገጾች አሉት። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድ ጊዜ በድሮው ባለ ሁለት ቅጽ ኅትመት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በስልኬ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ አንድ ደራሲ እንዴት እንደሚሠራ የዚህን መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ምዕራፎች ያህል ያሳየኝ ሌላ ግለ ታሪክ አላነበብኩም፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ግን አድካሚ ነው፣ በአንድ ስፍራም ያሳዝናል።

መጽሐፉ የሚጀምረው በቅሬታ ነው። ዌልስ የአእምሮ ነጻነትና ለሥራው የሚሆን ሰላም እንደሚያስፈልገው፣ የዕለት ተዕለት ጣጣ እንዳስጨነቀው ይናገራል፤ ቀጥሎም የራሱን አእምሮ እንደ አንድ ዕቃ አንሥቶ ይመረምርና በጣም ጥሩ ከሚባሉት ወገን እንዳልሆነ ይመሰክራል። መጀመሪያ ሳነበው ይህ የታዋቂ ሰው የይስሙላ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ገጾቹ እየገፉ ሲሄዱ ግን ሰውየው የእንስሳት ጥናት የተማረ መሆኑን አስታወስኩ፤ ጥንቸል ገበታ ላይ ዘርግቶ ብልቱን እየለየ እንደሚያስረዳ መምህር፣ ራሱን ዘርግቶ የትኛው ጠባዩ ከየት እንደመጣ ያሳየናል። እኔ እንደተረዳሁት፣ ሊነግረን የፈለገው ልዩ ስጦታ እንዳልነበረው፣ ልዩ የነበረው የገጠመው አጋጣሚና የተወለደበት ዘመን መሆኑን ነው።

የተወለደው በሴፕቴምበር 1866 በኬንት፣ ብሮምሊ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ጆሴፍ ዌልስ የሸክላ ሳህንና የክሪኬት (በዱላና በኳስ የሚካሄድ የእንግሊዞች ጨዋታ) መጫወቻ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ገበያዋ ግን ደካማ ስለነበር ቤቱን የሚደጉመው አባትየው በክሪኬት ተጫዋችነት የሚያገኘው ገንዘብ ነበር። ጆሴፍ በ1862 ለኬንት ተሰልፎ ከሰሴክስ ጋር ሲጫወት በአራት ተከታታይ ኳሶች አራት ተጫዋቾችን ያስወጣ ሰው ነው። እናቱ ሣራ ኒል ከትዳሯ በፊት የባለጸጎች ደንገጡር ነበረች፤ ሃይማኖተኛ፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ ከልቧ ያደረች፣ ዌልስ ከመወለዱ በፊት የሞተችባትን ሴት ልጇን ፋኒን ዕድሜ ልኳን ያልረሳች ሴት ናት። ዌልስ የእናቱን የዕለት ማስታወሻ እየጠቀሰ የጻፈላት ክፍል የመጽሐፉ ልብ ይመስለኛል፤ እምነቷን አይጋራም፣ ምኞቷንም አልፈጸመላትም፤ ሆኖም ድካሟን የሚያይበት ዓይን ርኅሩኅ ነው። የጻፈው የመጀመሪያ ቃል «ቅቤ» የሚል እንደነበረ፣ እርሱንም የእናቱን ጽሑፍ በመስኮት መስተዋት ላይ አስደግፎ በላዩ በመሄድ እንደጻፈው ይነግረናል።

የቤታቸው ማድ ቤት ከመንገዱ በታች ነበር። ብርሃን የሚያገኘው በእግረኛው መንገድ ላይ ከተገጠመ ፍርግርግ ስለነበር፣ ሕፃኑ ቀና ሲል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ነው። ይህን ክፍል ያነበበ ሰው፣ ዌልስ ኋላ በ802,701 ዓ.ም. የሰው ዘር ለሁለት ተከፍሎ ኤሎዮች ከላይ በፀሐይ ሲጫወቱ ሞርሎኮች ከታች በጨለማ ማሽን ሲያንቀሳቅሱ የሣለበትን «ታይም ማሽን» የተባለ ልብ ወለድ ሲያስታውስ፣ ከላይና ከታች የሚለው ነገር ለዚህ ደራሲ ከመጽሐፍ የመጣ ንድፈ ሐሳብ እንዳልነበረ ይገባዋል። ያደገበት ቤት ነው።

ሰባት ዓመት አልፎት ስምንት ሳይሞላው፣ በ1874፣ አንድ ጎልማሳ በጨዋታ ወደ ላይ ወርውሮ ሊቀልበው ሲል አመለጠውና ከድንኳን ካስማ ላይ ወደቀ፤ እግሩም ተሰበረ። ዌልስ ይህን የሕይወቱ ትልቅ ዕድል አድርጎ ይቆጥረዋል። ሳምንታት ተኝቶ ሲቆይ አባቱ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ የጎልማሳውም እናት በበኩሏ መጻሕፍት አመጡለት፤ ንባብ የዕለት ምግቡ ሆነ። ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱ የተፈጥሮ ታሪክ ነበር፤ በውስጡ የነበረው የጎሪላ ሥዕል በጨለማ ከኋላው የሚከተለው እስኪመስለው ድረስ አስፈርቶታል። ትንሽ ከፍ ሲልም በብሮምሊ ኮረብታ ላይ እየተራመደ ራሱን የጦር አዛዥ አድርጎ ታላላቅ ጦርነቶችን በሐሳቡ ይመራ ነበር። ስለዚህ ሕልም ሲናገር የማያባብል መሆኑን አከብርለታለሁ፤ አዶልፍ ሂትለር እርሱ በ13 ዓመቱ ካለማቸው ሕልሞች አንዱ እውን ሆኖ ከመምጣት በቀር ሌላ እንዳልሆነ በ1934 ጽፏል። በልጅነት ምናቡ ውስጥ የነበረውን መርዝ ሳይደብቅ ያወጣ ደራሲ ብዙ አላጋጠመኝም።

አባቱ በ1877 ጭኑን ተሰብሮ የክሪኬቱ ገቢ ሲቀር፣ ቤቱ ቀስ በቀስ ፈረሰ። እናቱ በ1880 ቀድሞ ደንገጡር ሆና ወዳገለገለችበት በሰሴክስ ወደሚገኘው አፕፓርክ የተባለ የመኳንንት ቤት በቤት አስተዳዳሪነት ተመለሰች። ልጁ በሥራዋ አያወድሳትም፤ ከእርሷ የባሰ አስተዳዳሪ ተገኝቶ እንደማያውቅ ይጽፋል። ለእርሱ ግን ቤቱ ሁለተኛው ዕድል ሆነለት። በቆጡ ሥር የተጣለ ቴሌስኮፕ አግኝቶ ገጣጥሞ ጨረቃን አየበት፤ ከቀድሞው ጌታ መጻሕፍት መካከል የ«ጉሊቨር ጉዞዎች»ን ደራሲ ስዊፍትን፣ ቮልቴርንና የፕላቶንን «ሪፐብሊክ» አገኘ፤ በረዶ ቤት ውስጥ በዘጋባቸው ክረምትም ለቤቱ ሠራተኞች በእጁ የሚጽፈው ጋዜጣ ያወጣ ነበር። ስዊፍትና ፕላቶን ሁለቱም በዚህ ልጅ ውስጥ ሳይለያዩ ቀርተዋል፤ ስዊፍት እንግዳ ፍጥረታትን በተራ ሰው ዓይን እንዲተርክ፣ ፕላቶን ደግሞ ማኅበረሰብ ከመሠረቱ እንደገና ሊሠራ እንደሚችል እንዲያስብ አስተምረውታል ብዬ አምናለሁ። በአፕፓርክ አገልጋዮቹ ከጌቶቹ ዓይን ተሰውረው የሚመላለሱባቸው የምድር ውስጥ መተላለፊያዎች ነበሩ፤ ብዙ ሰዎች የሞርሎኮችን ጉድጓዶች ከእነርሱ ጋር ያያይዟቸዋል። ቤቱ በ1989 በእሳት ከወደመ በኋላ ታድሶ እንደገና ለጎብኚ ተከፍቷል።

የሚያስለቅሰው ምዕራፍ የጨርቅ ሱቁ ነው። እናቱ ለልጇ የምትመኝለት ክብር የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴነት ስለነበር፣ በሳውዝሲ ወደሚገኝ መደብር በተለማማጅነት ላከችው፤ ለመማሪያው ከተዋዋለችው 50 ፓውንድም 40ውን ከፍላ ነበር። ልጁ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ ሊታገሠው አልቻለም። በ1883 አንድ እሑድ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ተነሥቶ 17 ማይል በእግሩ ተጓዘና እናቱ ከቤቱ ሠራተኞች ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከመንገድ ጠብቆ ወደ ሥራው እንደማይመለስ ነገራት። የ40 ፓውንድ ኪሳራ ለእንደዚያች እናት ምን ማለት እንደነበረ ዌልስ ያውቃል፤ ጽሑፉም ከዚህ ዕውቀት አያመልጥም። ያዳነው በሚድኸርስት ትምህርት ቤት በረዳት መምህርነት የቀጠረው ሆራስ ባያት ነው፤ ደመወዙ በመጀመሪያው ዓመት 20 ፓውንድ፣ በሁለተኛው 40 ነበር።

ከሚድኸርስት በነጻ የትምህርት ዕድል፣ በሳምንት 21 ሺሊንግ እየተሰጠው፣ በ1884 ለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን ወደሚገኘው የሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ ገባ። የመጀመሪያውን ዓመት ሥነ ሕይወት ያስተማረው የዳርዊን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ ታላቅ ተሟጋች ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ነው። ዌልስ ያን ዓመት ያለ ጥርጥር ከሕይወቱ ሁሉ ይበልጥ የተማረበት ዓመት አድርጎ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ መጽሐፉ ለምናብ ሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ መነበብ ያለበት ይሆናል፤ ምክንያቱም ሀክስሊ ለተማሪው የሰጠው ስለ እንስሳት አካል ዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ ዝርያ ሁሉ ተለዋዋጭ እንደሆነ፣ ለውጡም ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታች ሊሆን እንደሚችል የሚያይ ዓይን ነው። ኤሎዮችና ሞርሎኮች የዚያ ትምህርት ልጆች ናቸው። ከሀክስሊ በኋላ የመጡት መምህራን ግን አሰለቹት፤ ተማሪዎቹ በሚያሳትሙት መጽሔት፣ በክርክር መድረክና በርሀብ ተጠምዶ በ1887 የመጨረሻውን የጂኦሎጂ ፈተና ወደቀ። ጊዜን ስለሚያቋርጥ መሣሪያ የጻፈው የመጀመሪያ ትረካም በዚያው መጽሔት በ1888 ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው የበሽታ ታሪክ ነው። በዌልስ አገር በአንድ ትምህርት ቤት ሲያስተምር በእግር ኳስ ጨዋታ ኩላሊቱን ተጎዳ፤ ደም መትፋትም ጀመረ። በ1893 እንደገና ክፉኛ ሲታመም ከማስተማር ወጥቶ በብዕሩ ለመኖር ተገደደ። ለማገገም ኢስትቦርን በባሕር ዳር ተኝቶ ሳለ በእጁ የገባው የስኮትላንዳዊው ደራሲ የጄ. ኤም. ባሪ መጽሐፍ ምስጢሩን ገለጠለት፤ ጋዜጦች የሚፈልጉት ታላላቅ ርእሰ ጉዳይ ሳይሆን ስለ ጃንጥላ፣ ስለ ፒፓ፣ ስለ አበባ ማሰሮ የተጻፈ ቀላል መጣጥፍ መሆኑን። ይህን ስፍራ በጣም እወደዋለሁ። ስለ ደራሲ «ተጽዕኖ» ስንናገር ሁልጊዜ ፕላቶንንና ዳርዊንን እንጠራለን፤ እዚህ ግን አንድ ቀላል መጽሐፍ ለአንድ የታመመ ሰው እንጀራ ሲሰጠው እናያለን፤ ከማርስ የመጡ ፍጥረታትን እንኳ ወተት አመላላሽና ጋዜጣ ባለበት ሰፈር መካከል የማኖር ጥበቡም ከዚያ ልምምድ የተገኘ ይመስለኛል።

«ታይም ማሽን»ን ሲጽፍ የነበረበትን የ1894 የኦገስት ሌሊት የሚተርከው ገጽ አጭር ነው። በሴቨንኦክስ በተከራየው ክፍል፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ በላምባ መብራት ይጽፋል፤ አከራይዋ ደግሞ ላምባው ስለሚባክንባት በውጭ በጨለማው እየተመላለሰች ታጉረመርማለች። መጽሐፉ በ1895 ወጥቶ ስሙን አስጠራ። በዚያው ዓመት ወደ ዎኪንግ ሄዶ ብስክሌት ተማረ፤ በብስክሌቱ አካባቢውን እየዞረም የማርስ ሰዎች የሚያወድሟቸውን ስፍራዎችና ሰዎች ይመርጥ ነበር። «የዓለማት ጦርነት» በ1898 ሲታተም የመጀመሪያው ምዕራፍ አውሮፓውያን በታስማኒያ ነባር ሕዝብ ላይ የፈጸሙትን ጥፋት ያነሣል፤ ሐሳቡን የሰጠው ወንድሙ ፍራንክ እንደሆነም በመታሰቢያነቱ ላይ ተጽፏል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ዌልስ በዓለም የታወቀባቸውን የምናብ ታሪኮች በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እጅግ በአጭሩ ያልፋቸዋል፤ የእያንዳንዱን ልብ ወለድ አመጣጥ ሊያነብ የመጣ ሰው ያዝናል። ከጋብቻው ውጭ የነበረውን የፍቅር ሕይወቱን የሚመለከተውን ክፍል ለብቻው ስላስቀመጠው፣ ልጁ ያን ያሳተመው በ1984 ነው። ዘጠነኛው ምዕራፍ የሰው ልጅ በአንድ የዓለም መንግሥት እንዲተዳደር የሚሰብክ ረጅም ጽሑፍ ሲሆን፣ በብሮምሊና በአፕፓርክ የነበረው ሕያው ዓይን እዚያ ተከድኗል። ከሁሉ የከፋው ግን በጁላይ 1934 ከስታሊን ጋር ተገናኝቶ ስለ እርሱ ግልጽ፣ ፍትሐዊና ሐቀኛ ሰው ነው ብሎ መመስከሩ ነው። በዩክሬን ሚሊዮኖች በረሀብ ካለቁ ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። የሂትለርን ምንነት ከራሱ የልጅነት ሕልም ያወቀ ሰው፣ ሌላውን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳያውቀው መቅረቱን ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ሆኖም እርሱ ራሱ ያሳተመው ስለሆነ አንባቢው አይቶ እንዲፈርድ እመክራለሁ።

እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ በቀር አይከብድም፤ ምዕራፉ የከበደው ወደ ሁለተኛው ቢሻገር ብዙ አይጎድልበትም። ዌልስ በ1946 ስለሞተ የቅጂ መብቱ በብሪታንያ ከ2017 ጀምሮ አብቅቷል፤ ስለዚህ ነጻ ቅጂ በኢንተርኔት ይገኛል። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዌልስ ለሁለተኛ ሚስቱ ለጄን የቤታቸውን ኑሮ እየቀለደ የሣላቸው፣ «ፒክሹዋ» ብሎ የሚጠራቸው ትንንሽ ሥዕሎች በመጽሐፉ ውስጥ ታትመዋል፤ ጄን በ1927 ስለሞተች፣ ከጽሑፉ ይልቅ እርሷን ሕያው አድርገው ያስቀሩልን እነርሱ ናቸው። መጀመሪያ በስልኬ ያወረድኩት ቅጂ ፊደል ብቻ ስለነበር አንዱም አልነበረበትም፤ ሌላ ፈልጌ ከአሮጌው ኅትመት ጋር ሳስተያየው ነው ያጣሁትን ያወቅኩት። መጽሐፉን ልታወርዱ ወይም ልትገዙ ስትሉ አስቀድማችሁ ስምንተኛውን ምዕራፍ ክፈቱና ሥዕሎቹ መኖራቸውን አረጋግጡ።