ሁዌን ፎቶ ልታነሱ የምትሄዱ ሰዎች፣ እኚህን ሞተረኛ ሳትይዙ አትጀምሩ

ይህ ምስጋና ቬትናም፣ ሁዌ ከተማ ውስጥ ላሉ አንድ የሞተር ሳይክል ሹፌር ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል፤ በጉብዝናቸው ዘመን የሠርግ ፎቶ ያነሱ፣ ፊልምም በእጃቸው ያጥቡ ነበር። ስምና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስላሳሰቡኝ አልጽፈውም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። እዚህ «ቹ» እላቸዋለሁ። በሀገራቸው ከአባት በዕድሜ ትንሽ የሚያንስ ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው፤ የእኛ «አጎቴ» መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ምሬቱን ልተንፍሰው። ስም አልጠራም፤ ከተማው ውስጥ «የፎቶ ጉብኝት» የሚል ማስታወቂያ የሰቀሉ ግን ጥቂት አይደሉም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆቴል ይወስዷችኋል። በዚያ ሰዓት ጥሩው ብርሃን አልቋል። የንጉሠ ነገሥት ካይ ዲን መቃብር የሚያደርሷችሁ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሁዌ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 16 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች በእኛ ሚያዝያ መጨረሻና ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ፀሐይዋ አናት ላይ ቀጥ ትላለች፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። መቃብሩ ላይ 25 ደቂቃ፣ የስጦታ ዕቃ ሱቁ ውስጥ 50 ደቂቃ። ታም ዛንግ ሐይቅ ዳር ያቆሙላችሁ «ዓሣ አጥማጅ» ደግሞ ዓሣ በሌለበት ቦታ ደረቅ መረብ አሥር ጊዜ የሚወረውር ተከፋይ ነው። መረቡ ውሃ አያንጠባጥብም፤ ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩት ውሸቱ ያፈጥባችኋል። አብሮ የሚመጣው «ባለሙያ» ያስረከበው ፎቶ ሰማዩ በሌላ ሰማይ የተተካ ነበር። ገንዘቡ ይቅር፤ የሄደው ጠዋት ግን አይመለስም።

አሁን ወደ ቹ። መጀመሪያ የጠየቁት ዋጋ አይደለም፣ የት መሄድ እንደሚፈለግም አይደለም። «ካሜራው ዛሬ ማታ የት ነው የሚያድረው?» ነው ያሉት። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ከቀደሙት ሁሉ ለየቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆቴሉ ክፍል በኤሲ 20 እና 22 ዲግሪ ሆኖ ያድራል። ውጭው ከንጋት በፊት እንኳ 26 እና 27 ዲግሪ ነው፤ አየሩም በእርጥበት የተሞላ ነው። ቀዝቅዞ ያደረ ሌንስ ወደዚያ አየር በወጣ ቅጽበት ያልበዋል፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ ላይ እንደምታዩት ማለት ነው። ሰው ደንግጦ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ መልሶ ያልበዋል፣ እንደገና ይጠርጋል። ጨርቁ የያዘው አሸዋና ጨው ሌንሱን ይቧጭራል። የባሰው ሌንስ መቀየር ነው፤ እርጥቡ አየር ውስጥ ገብቶ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ያን ጊዜ ጠዋቱ አለቀ።

ቹ ከኪሳቸው ዚፕ ያለው ወፍራም ፌስታል አወጡ። ካሜራውና ሌንሱ እዚያው ክፍል ውስጥ እያሉ ይገባሉ፣ አየሩ በመዳፍ ተጭኖ ይወጣል፣ ዚፑ ይዘጋል። ክፍሉ ውስጥ የሚያድር ከሆነ ኤሲው 27 ላይ ይደረግ፤ መታጠቢያ ቤት ግን በፍጹም አይገባም። ጠዋት ከወጡ በኋላ ፌስታሉ ቢያንስ ለ40 ደቂቃ አይከፈትም። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀመጣል እንጂ ሌንሱን አይነካም። ወደ ታም ዛንግ ሐይቅ የሚወስደው የሞተር መንገድ ራሱ ያንን ያህል ይፈጃል፤ እዚያ ስትደርሱ ካሜራው ሞቋል። ሐይቁ ዳር ፀሐይ ስትወጣ አምስት ስድስት ሰው ሌንሱን በቲሸርቱ ጫፍ እየጠረገ ሲራገም የኛ ጥርት ያለ ነበር። የዋጋው ንግግር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም በወረቀት ተጽፎ፣ ነዳጁም ተቆጥሮ።

ስለ ሐይቁ ትንሽ ልበል። ታም ዛንግ ከካው ሀይ ጋር ተያይዞ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በባሕሩ ዳርቻ የተዘረጋ፣ ውሃው ከፊል ጨዋማ የሆነ ሐይቅ ነው። ለካሜራ የሚሆነው በቀርከሃና በመረብ የታጠረው የዓሣ ወጥመድ ነው፤ ፎቶ ለማንሳት ከሚቆምበት ቦታ ሲታይ ውሃው ላይ እንደተጻፈ ፊደል ይመስላል። በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ስለሆነ ከከተማው በ10 ሰዓት መነሳት ግድ ነው፤ በታኅሣሥ አንድ ሰዓት ያህል ይዘገያል። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ለቹ ስትደውሉ በእነሱ ተናገሩ፤ የኛ 10 የነሱ 4 ነው። አንድ ሰው ተሳስቶ «10» ብሎ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ሆቴል በር ላይ ቆሞ ጠብቋል፤ የነሱ 10 የኛ 4 ነውና።) ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። ጀልባ ላይ ትራይፖድ አታቁሙ፤ የሞተሩ ንዝረት በእግሮቹ ወደ ካሜራው ይወጣል። ቹ ጀልባዋን የምትነዳውን ሴት ሞተሩን እንድታጠፋ ይነግሯታል፣ ጀልባዋ በራሷ ትንሳፈፋለች፣ በእጅ በ1/500 ሰከንድ ታነሳላችሁ። ዓሣ አጥማጆቹ እውነተኛ ናቸው፣ ሌሊቱን ሠርተው የሚመለሱ። ቹ ከቀደሙ ደንበኞቻቸው አንድ አንድ ፎቶ እየተቀበሉ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትመው፣ በላስቲክ ጠቅልለው ፎቶ ለተነሱት ሰዎች ይሰጣሉ። አንድ አጥማጅ የሚስቱን ፎቶ ተቀብሎ መጀመሪያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ከዚያ ነው የያዘው። ከዚያ በኋላ ካሜራ ስታነሱ ፊቱን የሚያዞር የለም።

ወደ ከተማው ስንመለስ። ሁዌ ከ1802 እስከ 1945 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት) የንጉየን ነገሥታት መዲና ነበረች፤ ቅርሶቿም በ1993 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ቤተ መንግሥቱ ፊቱን የሰጠው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ባኦ ዳይ በነሐሴ 1945 ሥልጣኑን ያስረከበበት የንጎ ሞን በር ታዲያ የጠዋት ነው፤ ከሰዓት ከሄዳችሁ የምታነሱት የሕንፃውን ጥላ ነው። ቹ በሩ ሲከፈት ያደርሷችኋል። የቤተ መንግሥቱ ትኬት 200,000 ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ነው፣ የነገሥታቱ የቱ ዱክ፣ የሚን ማንግና የካይ ዲን መቃብሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው 150,000። አንድ ላይ የሚሸጠው ትኬት ይረክሳል፤ ይህንን አስጎብኚዎቹ አይነግሯችሁም።

ካይ ዲን መቃብር ላይ የቹ ብልሃት ዝናብን መጠበቅ ነው። መቃብሩ ከ1920 እስከ 1931 የተሠራ የሲሚንቶ ሕንፃ ነው፤ 127 ደረጃ ይወጣል። በደረቅ ቀን ሲሚንቶው ግራጫና ሙት ነው። ካፊያ ሲመታው ይጠቁራል፣ የድንጋዮቹ ወታደሮችና መኳንንት ፊት ይገለጣል፣ ጎብኚውም ወደ አውቶቡሱ ይሮጣል። ጥቁሩ ግድግዳ ግን ካሜራውን ያታልለዋል፤ ጨለማ መስሎት ያበራዋልና ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ደረጃ) ቀንሱ። ውስጡ በሸክላና በመስታወት ስብርባሪ የተለበጠ ስለሆነ ፍላሽ አታብሩ፣ እያንዳንዷ ስባሪ ተኩሳ ትመልስላችኋለች። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 እስከ 3200፣ ሌንሱ ከፈት ብሎ፣ ጀርባን ምሰሶ ላይ አስደግፎ ማንሳት ይበቃል።

ቱ ዱክ መቃብር የሐይቅና የዛፍ ቦታ ነው። እዚያ የሚሳሳተው ሰው ፖላራይዘር ፊልተሩን (ብልጭታ የሚቀንሰውን የሌንስ ማጣሪያ) ብልጭታው እስኪጠፋ የሚያዞረው ነው፤ የውሃው ብልጭታ ሲጠፋ የሐይቁ ዳር ድንኳን ነጸብራቅም አብሮ ይጠፋል። ብልጭታው በከፊል ሲቀንስ አቁሙት። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ሎተስ አለ፤ አበባው በማለዳ ተከፍቶ ፀሐይ ሲበረታ ስለሚታጠፍ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ከዚያው አጠገብ ያለችው ቱይ ስዋን የዕጣን መንደር ናት። ዕጣኑ የኛ ዓይነት ሙጫ አይደለም፤ በቀጭን የቀርከሃ እንጨት ላይ የተለበጠ ዱቄት ነው፣ የእንጨቱ እጀታ በቀይ፣ በቢጫና በሐምራዊ ቀለም ይነከርና እንደ አበባ ተዘርግቶ ይደረቃል። ቀዩ ቀለም ካሜራው ውስጥ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ዝርዝሩ ጠፍቶ እንደ ቀለም ንጣፍ ይሆናል። የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊውን ሂስቶግራም (የብርሃን ሥርጭት ግራፍ) ለየብቻ አይታችሁ ኤክስፖዠሩን ቀንሱ፤ ከተቻለ ጥላ ውስጥ አንሱ። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ፤ አንድ እስር ዕጣን ከገዛችሁ እናቶቹ ራሳቸው ቦታ ያመቻቹላችኋል።

ምሽቱ ለቲየን ሙ የቡድሃ ገዳም ነው። በ1601 የተመሠረተ ነው፤ ሰባት ደርቡ ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ ግን የ1844 ሲሆን ቁመቱ 21 ሜትር ነው። ከደረጃው ሥር ሽቅብ ካነሳችሁት ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ቹ ወደ ወንዙ አውርደው ራቅ ያደርጓችኋል፤ ከተማዋን ከሚያቋርጠው የሽቶ ወንዝ ላይ ግንቡ ቀጥ ይላል። ሲጨልም ደግሞ ወደ ትሩዎንግ ቲየን ድልድይ፣ በ1899 ወደተሠራው ባለ ስድስት ቅስት። የድልድዩ መብራት ቀለሙን ይቀያይራል። አሥር ሰከንድ ያህል ከፍታችሁ ካነሳችሁ ቀለማቱ ተደባልቀው ጭቃ ይሆናሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ፀሐይ ከጠለቀች 20 ደቂቃ በኋላ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ነው ጊዜው። በደቡቡ ዳርቻ ያለው የእንጨት መንገድ ሰው ሲራመድበት ይንቀጠቀጣልና አላፊው እስኪርቅ ጠብቁ።

ሞተሩ ላይም እወቁ። ቹ ቦርሳውን ከኋላ ብረት ላይ አያስሩም፤ በሹፌርና በተሳፋሪ መካከል፣ ከሥሩ የተጣጠፈ ፎጣ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። ንዝረት የትራይፖድ ብሎን ይፈታል። ስልካችሁንም መሪው ላይ አታስሩ፤ ንዝረቱ የስልኩን ካሜራ ማረጋጊያ ሊያበላሽ ይችላል። የኛ ትራይፖድ ጭንቅላት ካሜራ ሲሸከም ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው ፈቱት፣ አንድ ነገር ጠረጉ፣ አንድ ነገር ጠመዘዙ፣ መልሰው ገጠሙ። ምን እንዳደረጉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አይወርድም፣ በቃ። ገንዘብም አልተቀበሉም፤ «የሻዩን ክፈሉ» ብቻ አሉ።

ድሮን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ የፈቃዱን ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ። ቹ ለዚህ አይተባበሩም፣ አትለምኗቸው። በዝናቡ ወራት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በተለይ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከተማዋ በጎርፍ የምትዋጥበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ራሳቸው ደውለው ይሰርዛሉ፣ ቀብድም ይመልሳሉ። ከዚያ ሁሉ «ቀብድ አይመለስም» ባይ በኋላ ይህንን መስማት እንዴት እንደሚያሳርፍ!

ደግሜ እላለሁ፣ ሁዌ ከሄዳችሁ ከእኚህ ሰው ጋር ሂዱ። ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ደውሉ፤ አንድ ሞተር፣ አንድ ሰው ናቸው፣ በቀን ከሁለት ደንበኛ በላይ አይዙም። ሁለት ከሆናችሁ ሌላ ሞተር የሚይዝ የወንድማቸው ልጅ አለ፣ እሱም ጨዋ ነው። በጨረቃ አዲስ ዓመታቸው ሳምንት አይሠሩም። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ቢሆንም ስለ ብርሃን ሲሆን በእጃቸው ያሳያሉ። ወፍራሙን ዚፕ ያለው ፌስታል ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለት ሦስት፤ የሳቸውን ለኛ ሰጥተው ጨርሰዋል።

ቹ፣ ካም ኧን። በእኛ ደግሞ፣ እግዜር ይስጥልን።