ለሪፈረንሳችን ነፍስ ለዘራችልን ልጅ ምስጋና (ጥቆማም ጭምር)

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ በተለይ ማኑስክሪፕት ይዛችሁ ከጆርናል ጆርናል የምትንከራተቱ መምህራን፣ ይሄ ለናንተ ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ የምጽፈው ለማማረር ነው፣ ዛሬ ግን የጽሁፋችንን ሪፈረንስ (የተጠቀምንባቸውን ምንጮች ዝርዝር) ያስተካከለችልንን ልጅ ማመስገን አምሮኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሆነን በገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫና በሴቶች መብት ላይ አንድ ጽሁፍ ሠራን፣ መጀመሪያ የላክንለት ጆርናል ምንጭን በቁጥር የሚጠቅሰውን ቫንኩቨር ስታይል ነበር የሚፈልገው፣ እሱ "እኛ የምናወጣው አይነት አይደለም" ብሎ መለሰልን፣ ሁለተኛው ደሞ በደራሲ ስምና በዓመት የሚጠቅሰው ኤፒኤ ስታይል፣ ያውም 7ኛ እትሙ፣ ካልሆነ ለሪቪወር (ለገምጋሚ) እንኳን አላሳልፍም አለ። ቁጥሩን አውጥቶ ስምና ዓመት መተካት ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል፣ ግን አንዱ በሜንዴሌይ፣ አንዱ በኢንድኖት (ሁለቱም የሪፈረንስ ሶፍትዌር ናቸው)፣ አንዱ በእጁ እየጻፈ የገባበት የወርድ ፋይል ላይ ሞክሩትና ንገሩኝ። አንድ ፓራግራፍ ወደ ላይ ስታወጡ በእጅ የተጻፈው 14 እዛው 14 ሆኖ ይቀራል፣ በሶፍትዌር የገባው ራሱን ቀይሮ 9 ይሆናል፣ ከዛ በኋላ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ እሱ ፈጣሪ ይወቀው።

አንድ ባልደረባዬ "ለሷ ስጧት" ብሎ ጠቆመን። ላይብረሪ ሳይንስ ያጠናች ልጅ ናት፣ የምትተዳደረውም በዚሁ ነው፣ የሰው ሪፈረንስ በማስተካከል። እውነት ለመናገር ኮማና ነጥቡን አስተካክላ ትልክልናለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን መጀመሪያ ያለችኝ "መምህር፣ የሁሉንም ፒዲኤፍ ይላኩልኝ" ነው። የሁሉንም? አዎ የሁሉንም። ያልተነበበ ሪፈረንስ አላስተካክልም አለች፣ በቃ።

በጣም የወደድኳት የስሞቹ ነገር ላይ ነው (በሥራዋ ማለቴ ነው፣ ባለቤቴ ይሄን ታነባለች)። ሶፍትዌሩ እንደምታውቁት የኛን ስም አይረዳም፣ ሁለተኛውን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፣ ስለዚ የታሪክ ምሁራኑን ብንወስድ ባሕሩ ዘውዴ "ዘውዴ፣ ባ." ይሆናሉ፣ ታደሰ ታምራት "ታምራት፣ ታ." ይሆናሉ፣ የደከሙት ልጆቹ ምስጋናው ለአባቶቻቸው። እኛ ጽሁፍ ላይ ደሞ ግማሹ በራሱ ግማሹ በአባቱ ስም ስለገባ አንድ ደራሲ ሁለት ሰው ሆኖ አንዴ ከዝርዝሩ አናት አንዴ ከግርጌው ቁጭ ብሏል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጆርናል እኮ ድሮም ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም ነው የሚያስቀምጠው፣ ችግሩ ውጪ ስንልክ ነው። እሷ ምን አደረገች፣ ዞቴሮ (ሌላ የሪፈረንስ ሶፍትዌር ነው) ላይ የደራሲ ስም የሚገባበትን ሁለት ሳጥን ወደ አንድ ቀየረችና ሙሉ ስሙን እንዳለ አስገባችው፣ ሶፍትዌሩ መገልበጡን ተወ። ይሄን ያህል ዓመት ሳስተምር እንደዛ እንደሚቻል የነገረኝ ሰው የለም። ከዛ ለኤዲተሩ በምንልከው ደብዳቤ ላይ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም እንደሌላቸው፣ ሁለተኛው የአባት ስም እንደሆነ የምታስረዳ አጭር ማብራሪያ ጻፈችልን። ኤዲተሩ ምንም አላለም፣ ማብራሪያውን ተቀበለ።

ቀጥሎ ዓመተ ምህረት መጣ። የቀድሞውን የገጠር መሬት አዋጅ አንዳችን ከአማርኛው ወስዶ 456/1997፣ ሌላችን ከእንግሊዝኛው 456/2005 ብሎ ጽፏል። ለኛ ምንም ማለት አይደለም፣ ነጋሪት ጋዜጣው ራሱ ግራና ቀኝ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚወጣው፣ ሕገ መንግሥቱም በአማርኛው 1/1987 በእንግሊዝኛው 1/1995 ነው። ለንደን የተቀመጠ ሪቪወር ግን በስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሕጎች ነው የሚታዩት፣ የትኛው ነው የሚሠራው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የአማርኛ መጽሐፍም ላይ እንደዛው፣ 1999 ብላችሁ ዝም ካላችሁ ፈረንጁ የራሱን 1999 ነው የሚያስበው፣ በሱ አቆጣጠር ግን 2006 ወይ 2007 ነው። እሷ የኛን ዓመት እንዳለ ትታ አጠገቡ በቅንፍ የነሱን ጨመረች፣ የታተመበት ወር ካልታወቀ 2006/7 እያለች፣ ምክንያቱም ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታህሳስ መጨረሻ አካባቢ ሰባት ዓመት፣ ከዛ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። ለአዋጆቹ ደሞ የእንግሊዝኛውን ቁጥር ይዛ ጽሁፉ ውስጥ ያሉትን በሙሉ አንድ አደረገቻቸው።

አንዷን ደሞ ስሙኝ። የአንዱን ሪፈረንስ ዲኦአይ (ጽሁፉን ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው ቋሚ መለያ) ስትከፍተው ስለ ዓሣ እርባታ የሚያወራ ጽሁፍ ወጣ። በቴሌግራም ግሩፓችን "ይሄን ያነበባችሁት ማናችሁ?" ብላ ጠየቀች። ዝም። በማግስቱም ዝም። ርዕሱ አምሮ፣ የጆርናሉ ስም ተጽፎ፣ የገጽ ቁጥሩ ሳይቀር ተሟልቶ፣ ጽሁፉ ግን የትም የለም። ቻትጂፒቲ እንዲህ አይነቱን አሳምሮ እንደሚፈጥር ሁላችንም እናውቃለን፣ ማን እንዳስገባው ግን አልተናገረም፣ እኔም አላጣራም፣ ወዳጅነት ይበልጣል። አረፍተ ነገሩ ከነሪፈረንሱ ወጣ። ሪቪወሩ ያቺን ሪፈረንስ ቢያገኛት ኖሮ የአራታችንም ስም ነበር አብሮ የሚነሳው።

በቀረው የኤፒኤ ጣጣ አላሰለቻችሁም፣ ደራሲዎቹ ሦስትና ከዛ በላይ ሲሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ የአንዱን ስም ጽፎ "እና ሌሎች" ማለት፣ በ6ኛው እትም የነበረው የአሳታሚው ከተማ መቅረቱ፣ ምናምን፣ እሱን ማንም ታግሎ ይሠራዋል።

ደስ ያለኝ ግን ምን መሰላችሁ፣ ሥራውን ስትመልስ የተስተካከለ ፋይል ብቻ ሰጥታን አልሄደችም። ሪፈረንሶቹን በሙሉ ከነፒዲኤፋቸው አንድ የዞቴሮ ግሩፕ ላይብረሪ ውስጥ አስገብታ፣ እንዴት እንደሚሠራ በስልክ ስክሪኗን እያሳየች አስተማረችን። ዞቴሮ ነጻ ነው፣ ነገ ይሄም ጆርናል ቢመልሰን ስታይሉን መርጦ መቀየር ብቻ ነው፣ እሷን ሁለተኛ መክፈል አያስፈልገንም። ገበያዋን በገዛ እጇ ነው የምታሳጣው፣ ለዛም ነው ሌላ ደንበኛ ላመጣላት የተነሳሁት።

ከመደወላችሁ በፊት የምታውቁት ይኑር። ርካሽ አይደለችም፣ ዋጋው በሪፈረንስ ብዛት ነው፣ ግማሹን ቀድማ በቴሌብር ትቀበላለች፣ የአማርኛ ምንጭ ካለበት ትንሽ ይጨምራል፣ ልፋቱን ስላየሁት አልከራከርም። "ለነገ ጠዋት" የሚባል ነገር አትቀበልም። ሊትሬቸር ሪቪው ጻፊልኝ፣ ሪፈረንስ ፈልገሽ ሙይልኝ የምትሏት ከሆነ ባትደውሉ ይሻላል፣ በትህትና ነው የምትመልሳችሁ፣ ግን ትመልሳችኋለች። እሁድ ስልኳ ዝግ ነው። ጽሁፋችን አሁን ሪቪወሮች ጋ ነው ያለው፣ ይታተም አይታተም ገና አልታወቀም፣ እሱ የሷ ሥራ አይደለም።

ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልለጥፍ አስጠንቅቃኛለች፣ ስለዚ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሰኔ ላይ የማስተርስ ዲፌንስ ስለሚደርስ ተማሪው ሁሉ ይወርራታል፣ የምትፈልጉ ከግንቦት በፊት ያዙ። ስትጽፉልኝ ስንት ሪፈረንስ እንዳላችሁና ጆርናሉ የትኛውን ስታይል እንደሚፈልግ አብራችሁ ንገሩኝ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።