የኤሌክትሪክ መኪናዬን ጎማ ከቀየርኩ ወራት አለፉ፤ የታዘብኩትን ልንገራችሁ

መኪናዬ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጎማ ቶሎ አለቀ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ሲሰማ አይደንቀውም። ባትሪው ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል። ሞተሩ ደግሞ ፔዳሉ ገና ሲነካ ያለ የሌለ ጉልበቱን ጎማው ላይ ይለቀዋል። ያንን ሁሉ የሚችለው አስፋልቱን የነካው መዳፍ የምታክል ላስቲክ ነው።

የኔ ቀድሞ ያለቀው የኋላው ነው። ሞተሩ የሚገፋው እሱን ነው፤ እግሬን ከፔዳል ሳነሳ ባትሪውን እየሞላ መኪናውን የሚይዘውም በዚያው በኩል ነው። ሲሮጥም ሲቆምም ተጎጂው እሱ ነው ማለት ነው። ቆሞ ላየው ሰው ጥርሱ ገና ነው። ጎንበስ ብዬ በውስጥ በኩል እጄን ሳሳልፍ ግን ጠርዙ ልሙጥ ሆኗል። የኋላ እግሮቹ ከላይ በኩል ትንሽ ወደ ውስጥ ዘመም ብለው ስለተገጠሙ ጫናው የሚበረታው እዚያ ነው። በብዙ አገሮች የተፈቀደው ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው። መሃሉን ብቻ የለካ ሰው ገና ብዙ የሚነዳበት ሊመስለው ይችላል።

ግዢው ላይ ብዙ ሰው የሚያየው «ለኤሌክትሪክ መኪና» የሚለውን ጽሑፍ ነው። እኔ ብዙም አልመሰጠኝም። እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ የሚለጥፈው ምልክት ነው። ከዚያ ይልቅ ጎኑ ላይ ያለውን የጭነት ቁጥር እዩ። የኔ ልክ 235/45 አር 18 ነው፤ ቀጥሎ 98 ይላል። በዚሁ ልክ 94 የሚልም ይሸጣል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። 94 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 670 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ 98 ደግሞ 750። በአራቱ ሲደመር የ320 ኪሎ ልዩነት ነው። አንዱ ሻጭ «ያው ነው፣ ይገባል» አለኝ። መግባቱንማ ይገባል። የበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን 98 ይላል፤ ከዚያ በታች አልገዛም። ለባሰባቸው ከባድ መኪኖች ደግሞ «ኤችኤል» የሚል ምልክት ያለው፣ ለተጨማሪ ጭነት ከተሠራው ከተለመደው «ኤክስኤል» እንኳ በላይ የሚሸከም ጎማ አለ።

እግረ መንገዳችሁን የተመረተበትንም ቀን እዩ። በአራት አሃዝ ነው የሚጻፈው፤ 2324 ካለ የ2024 23ኛ ሳምንት ማለት ነው።

የድሮው ጎማ ውስጡ ስፖንጅ ነበረው። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው የጎማው ጩኸት ጎልቶ ይሰማል፤ ስፖንጁ ጎማው ውስጥ ያለው አየር የሚፈጥረውን ጉምጉምታ ይውጠዋል። ጥሩ ነገር ነው፣ ሚስማር እስኪገባ ድረስ። ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሲያወጣው ስፖንጁ ቀዳዳው ላይ ተጣብቆ ተቀምጧል። ዙሪያውን በቢላ ቆርጦ አነሳው፤ ሙጫውን እስኪለቅ ፋቀው፤ መለጠፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የጎማ ጥገና ሳይሆን የሶፋ ሥራ ይመስል ነበር። ስኮርታ የሌለው መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ አዲሱን ስፖንጅ የሌለው ገዛሁ።

ዋጋውን በጆሮዬ ከፈልኩ። በለስላሳ አስፋልት ልዩነት የለውም። ሻካራ መንገድ ላይ ግን ከኋላ ወፍራም ጉምታ ይመጣል፤ የኋላ ወንበር የሚቀመጡት ቀድመው ሰሙት። ሬዲዮ ከፈት ሲደረግ ይጠፋል። እኔ ለምጄዋለሁ፤ ጸጥታ የሚወድ ሰው ግን ስፖንጁን ይግዛ፣ ጥገናውንም ይቻለው።

በአንድ ቻርጅ የምሄደው ርቀት መጀመሪያ ላይ ቀነሰ። አትደንግጡ። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ሲንከባለል ላስቲኩ የበለጠ ይተጣጠፋል፤ ይህ ጉልበት ይበላል። ያለቀ ጎማ ደግሞ ቀላል ተንከባላይ ነው፤ ከሱ ጋር ማወዳደር ራሱ ፍርደ ገምድልነት ነው። እየዋለ እያደረ የጠፋው ርቀት አብዛኛው ተመልሷል። የአውሮፓው የጎማ መለያ ወረቀት ከ2021 ወዲህ የመንከባለል ቁጠባንና በእርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ አቅምን ከኤ እስከ ኢ ያስቀምጣል፤ ምርጡ ኤ ነው። እኔ በመንከባለል ቢ፣ በእርጥብ ኤ ያለውን መረጥኩ። ጥቂት ኪሎሜትር ቢቀርብኝ ይቅር፤ ዝናብ ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የድሮው እንዲህ አልነበረም።

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘመምታ፣ ያስተካከልኩት ጎማው በተገጠመ ዕለት ነው። አሁን የኋላውን ጥርስ በውስጥም በመሃልም በውጭም ስለካው ተቀራራቢ ነው። የፍጥነት አወሳሰዱን ለስለስ ወዳለው ምርጫ መመለሴም ሳይረዳ አልቀረም፤ ትራፊክ መብራት ላይ መፈትለክ ደስ ይላል፣ ጎማ ግን ይበላል። ንፋስ የምለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ከነዱ በኋላ የሚለካ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ያታልላል።

ጎማ ስታስቀይሩ ደግሞ ከክሪኩ አጠገብ አትራቁ። የመኪናው ወለል ሥር ያለው ባትሪው ነው፤ ክሪኩ የሚገባው አምራቹ ምልክት ያደረገባቸው አራት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ጎሚስታው ቢቸኩልም ቦታዎቹን በጣታችሁ አሳዩት፤ መኪናውን ያንሳ የምትሉት ከዚያ በኋላ ነው።